ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ ጤና ኬላው ግን አልሰማም

ወሎ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ወሬው አይደበቅም። እልልታው ይሰማል። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ከላይ ሰፈር ያሉት እትዬ በማግስቱ ትንሽ ቅቤ ይዘው ብቅ ይላሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አራስ ይጠይቃል። ጥሪ የለው፣ ቀጠሮ የለው።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ስትወልድ ግን እንዲህ አልሆነም። ተንታ ተወልዳ ያደገች ናት። ሥራ ፍለጋ ወርዳ፣ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች። በማግስቱ ልጇን ታቅፋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ከአከራይዋ በቀር በሯን ያንኳኳ አልነበረም። በዚያው ቀበሌ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ አለች። በግቢው ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፋለች። የአክስቴ ልጅ ይህን አታውቅም። ነርሷም ከጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት አራስ እንዳለች አታውቅም። መዝገቧ ላይ ያለው የአከራይዋ ስም ብቻ ነው።

ሁለቱ እንዲገናኙ ምን ያስፈልግ ነበር? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ብዙ ነገር አለው።

መጀመሪያ ስለ ጉብኝቱ እንነጋገር። ቤት ለቤት ጉብኝት ማለት ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድ የሠለጠነ ሰው እየተመላለሰ ወላጆችን የሚያግዝበት አሠራር ነው። ቁጥጥር አይደለም። ሽንት ቤት ቆፍራችኋል ወይ ብሎ ማፋጠጥም አይደለም። ለምን ቤት ድረስ ቢባል፣ ጤና ጣቢያ ያለው ሰልፍ ነው። እናትየዋ የምታገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። እቤት ግን ልጁን ማን እንደሚያቅፈው ይታያል። ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ ምድጃው ለልጁ ምን ያህል እንደሚቀርብ ይታያል። እናትየዋ ሰው ፊት የማትናገረውን እዚያ ትናገራለች።

ይህን የፈረንጅ ሐሳብ የሚያደርገው ሰው አለ። እኛ ጋ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላ እንዲሠራ፣ ሁለት ባለሙያዎች እንዲመደቡበትና ለ5,000 ያህል ሰው እንዲያገለግሉ ታሰበ። ሲጀመር ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ ተሰማርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ሲገባ ደግሞ ነርሶች ተመደቡ።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 5,000 ሰው ማለት በአንድ ቤት አምስት ሰው ብንል 1,000 ቤት ነው። ለሁለት ሲካፈል ለአንዷ 500 ቤት ይደርሳታል። በቀን አምስት ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትዞር አንዱን ዙር ለመጨረስ 20 ሳምንት ይፈጅባታል። ይህም ሌላ ሥራ ከሌላት ነው። እሷ ግን ክትባት አለባት። ዘመቻ አለ። ሪፖርት አለ። ወረዳው ለስብሰባ ይጠራታል። ደላንታ ወይም መቄት ከሆነች ደግሞ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ገደል ወርዳ ገደል ትወጣለች። ከአንድ ዙር እስከ ሌላው ባለው ጊዜ አንድ ሕፃን ይወለዳል፣ ጡት ብቻ የሚጠባበትን ወራት ወደ መጨረስ ይጠጋል።

ስለዚህ «ለምን አልመጣችም?» ከማለታችን በፊት «መኖሬን ታውቃለች ወይ?» ብንል ይሻላል። ባለሙያዋን እየወቀስኩ አይደለም። ኮረብታ ለኮረብታ ስትወጣ ስትወርድ ያያት ሰው አይወቅሳትም።

አሜሪካም ቤተሰብና ጎብኚ የማገናኘት ጣጣ አለ። ነርስ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ዝቅተኛ ገቢ ያላት እናት ጋ እየሄደች፣ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው የምትከታተልበት ፕሮግራም አላቸው። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ከተማ ነው የተጀመረው። በ1981 ሚዙሪ ውስጥ ወላጅን የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ የሚያደርግ ሌላ ተጀመረ። ከ2010 ወዲህ የፌዴራል መንግሥቱ በጀት መደበላቸው። ፕሮግራሙ ሲበዛ እናት የትኛውን በር ታንኳኳ? ለዚህ ሲሉ ብዙ ቦታ አንድ የጋራ መቀበያ አበጁ። እናት አንድ ቦታ ትመዘገባለች፤ ለእሷ የሚስማማውን እነሱ ይመርጡላታል። እኛ ጋ ችግሩ የበር መብዛት አይደለም። በሩ አንድ ነው፣ ጤና ኬላው። የጠፋው ከእናትየዋ ምድጃ እስከዚያ በር ያለው መንገድ ነው።

መንገዱ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ እኛ በር በምንዘጋበት ሰዓት ነው። አራስ ከቤት አትወጣም። ክርስቲያኑ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ጠብቆ ክርስትና ያስነሳል። እስላሙም አርባ ቀን ይጠብቃል። ማረፏ መልካም ነው፤ የወለደች ሴት ማረፍ አለባት። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱ ጨቅላዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እናትና ልጅ ወደ ሕክምና በማይሄዱበት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናው መምጣት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ጨቅላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን፣ በመጨረሻም በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል።

በእነዚህ ቀናት የምትመጣ ባለሙያ ምን ታያለች? ልጁ አጥብቆ ይጠባል ወይ ትላለች። አተነፋፈሱን ትቆጥራለች፤ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው። ትኩሳት አለው ወይስ ቀዝቅዟል? እትብቱ ቀልቷል ወይስ መግል ይዟል? እናትየዋ ደም በዝቶባታል ወይ? እንገሩ እንዳይደፋ ትናገራለች፤ ያ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት ለልጁ እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው። ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት እንዳይደረግም ታስረዳለች። ይህን ለእናትየዋ ብቻ መንገር በቂ አይደለም። ቅቤውን የምታውጠው አያት ናት። አያት ደግሞ የምትገኘው እቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ጤና ጣቢያ ነው የወለድኩት፣ ያውቃሉ» ይባላል። የጤና ጣቢያው መዝገብና የጤና ኬላው መዝገብ ለየብቻ ናቸው። እናትየዋ ስትወጣ ወሬው ወደ ቀበሌዋ ባለሙያ መሄድ አለበት። አንዳንዴ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ስልክ አይነሳም፣ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ወሎ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ድሮ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። መቀንጨር ማጠር ብቻ አይደለም። አካሉ ያላገኘውን አእምሮውም አላገኘም ማለት ነው። ጊዜውም አጭር ነው። የእርግዝናው 270 ቀን፣ የመጀመሪያው ዓመት 365፣ የሁለተኛው 365። ሲደመር 1,000 ቀን። የልጅ አእምሮ በሁለት ዓመቱ የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

እስካሁን ስለ ምግብና ስለ በሽታ አወራሁ። እኛ ጋ ጉብኝት ሲባል የሚታሰበውም ይኸው ነው። እኔን ግን በጣም የሚቆጨኝ የቀረው ግማሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና 87 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተማ ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። አንዱ ቡድን ተጨማሪ ምግብ አገኘ። ለሌላው ቡድን የጤና ረዳት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እቤት እየሄደች እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት አሳየቻት። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። አራተኛው ምንም ሳይጨመርለት ቀረ። መጫወቻዎቹ እቤት ካለ ዕቃ የተሠሩ ናቸው። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። ልጆቹ 22 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመራማሪዎቹ ፈልገው አገኟቸው። ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ምግቡ ብቻ የተሰጣቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም።

ምግብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የተራበ ልጅ አይጫወትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ በጋራ ባወጡት ማዕቀፍ ልጅ አምስት ነገር ይፈልጋል ተባለ፦ ጤና፣ ምግብ፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ ስሜቱን አይቶ የሚመልስለት ሰው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመማር ዕድል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እኛ በቁም ነገር አንቆጥራቸውም። «ገና ጨቅላ ነው፣ ምን ይሰማል?» እንላለን። ይሰማል። የእናቱን ድምፅ ለይቶ ነው የሚወለደው። «እ...» ሲል «እ...» ብለው ቢመልሱለት ወሬ ተጀመረ ማለት ነው። እሹሩሩ ማለት፣ ስሙን እየጠሩ ማጠብ፣ ዳዴ ሲል እጅ መዘርጋት ሁሉ ትምህርት ነው። ቆቦ ወይም ቃሉ ያለች እናት የበቆሎ ቆረቆንዳና ባዶ ጣሳ አታጣም። ማስገባት፣ ማውጣት፣ መቁጠር ይቻላል። ጉብኝቱ ይህን ማሳየት አለበት። ጎብኚዋ ካላሳየች እናት ትጠይቃት።

አሁን ወደ ማገናኘቱ እንመለስ። ከመዝገብ የሚጠፉት እነማን ናቸው?

ተከራይ አንድ። ከቀዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋ ሁለት። ሳታገባ አርግዛ ሆዷን በነጠላ የምትሸፍን ልጅ አለች፤ ቡና ላይ እንኳን ስሟ በሹክሹክታ ነው የሚነሳው።

ከዚያ አያቶች አሉ። ወሎ ውስጥ ስንት እናት ልጇን ለእናቷ ትታ ዓረብ አገር ሄዳለች! ባለሙያዋ መጥታ «የልጁ እናት የት ናት?» ትላለች። «ሳዑዲ» ይባላል። ትምህርቱ ለእናት የተዘጋጀ ስለሆነ እዚያው ይቆማል። ልጁን የምታበላው፣ የምታስተኛው፣ ሲያለቅስ የምታባብለው ግን አያቱ ናት። ጉብኝቱ ለእሷ ነው። አያቶች ይህን ይወቁት፦ እናትየዋ ባትኖርም ልጁ ይመዘገባል፣ ክትባቱም ጉብኝቱም ይገባዋል።

የመጨረሻው ሰው ፊት የማይወጣው ልጅ ነው። በጊዜው አንገቱን ያላቀና፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ አንድ ጎኑ የሚሰንፍ ልጅ። ቤተሰብ አፍሮ ወይም አዝኖ ጓዳ ያደርገዋል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ገርበብ ይላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጉብኝቱ ከማንም በላይ ያስፈልጋል። በጊዜ ከታየ ደሴ ወዳለው ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ እቤትም የሚሠራ እንቅስቃሴ አለ። እባካችሁ አትደብቁት።

በር የሚዘጋበት ሌላም ምክንያት አለ። ሰው መዝገብ ይፈራል። ስሙን ጽፎ የሚሄድ ሁሉ መዋጮ ወይም ግዴታ ይዞ የሚመለስ ይመስለዋል። ቤቱ ሳይጠረግ ሰው የገባባት ሴት ትሳቀቃለች። የምታቀርበው ቡና ያጣችም ትሳቀቃለች። ባለሙያዎች ይህን እንዲያስቡበት እለምናለሁ። መጀመሪያ ልጁን ታቀፉ፣ መዝገቡ በኋላ ይወጣል። ቀኑንም ምረጡ። ባቲ አካባቢ ሰኞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ማንን ያገኛል? ሁሉም ገበያ ነው።

ቤተሰብ ደግሞ ይህን ያድርግ። እርግዝናው እንደታወቀ፣ ሆድ እስኪገፋ ሳይጠበቅ፣ ለጤና ኬላ ይነገር። የባለሙያዋን ስምና ስልክ፣ ወደ ጎጣችሁ የምትመጣበትንም ቀን ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ በራሳችሁ ስም ተመዝገቡ። በየቀበሌው የነፍሰ ጡር እናቶች ውይይት ሲጠራ አትቅሩ፤ ጎብኚዋን የምትተዋወቁት እዚያ ነው። ሴፍቲኔት ውስጥ ያላችሁ ነፍሰ ጡሮች ከአካባቢ ልማት ሥራው ወጥታችሁ ድጋፉን የማግኘት መብት አላችሁ። እሱም የሚጀምረው ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ በሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ልጁ በተወለደ ቀን አባት ለዘመድ ሲደውል አንዱን ስልክ ለባለሙያዋ ያድርገው። ቤት ስትቀይሩ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ አዲሱ ቀበሌ ሄዳችሁ አሳዩ።

ይህን ሁሉ አንዲት አራስ ብቻዋን አትችለውም። እኔ ተስፋ የማደርገው በቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው እኛ ቅሬ የምንለው፣ ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ መንደሩን ሁሉ ያሰባስባል። ለሞተ እንዲህ የፈጠነ ለተወለደስ? የጎጡ ቅሬ አንዲት ሴት ይምረጥ። ሥራዋ አንድ ነው፦ ማን አረገዘች፣ ማን ወለደች፣ ማን ቤት ሕፃን ይዞ ገባ የሚለውን በሳምንቱ ለጤና ኬላ መንገር። ዱበርቲዎች ለዱዓ ሲቀመጡ፣ የማርያም ማኅበርተኞች ጽዋ ሲጠጡ ይህ ወሬ አብሮ ይነሳል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የመንደሩ ነፍሰ ጡር ሁሉ ተቆጥሮ ያልቃል። የቀረው አንድ ስልክ መደወል ነው። ለሹክሹክታዋ ልጅ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለእሷ ወሬውን ከማድረስ በፊት ራሷን ማናገር፣ ከፈለገችም አብሯት መሄድ ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ነርሷን ያገኘቻት በስድስተኛው ሳምንት፣ ልጇን ለክትባት ይዛ ስትሄድ ነው። «የት ነው ቤትሽ?» አለቻት። ስትነግራት ደነገጠች። «በዚያ በር ስንቴ አልፌያለሁ!» አለች።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ስታጠባ አየቻትና የልጁን አያያዝ አስተካከለችላት፤ ጡቷ ቆስሎ ነበር፣ ለማንም አልነገረችም። ከዚያ ልጁን ተቀብላ ፊቱን ወደ ፊቷ አቀረበችና ምላሷን አወጣችለት። ልጁ ትኩር ብሎ አያት። ቆየት ብሎ የራሱን ትንሽ ምላስ አወጣ። የአክስቴ ልጅ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እሷንም እሱንም ያጫወተ ሰው አልነበረም።

አሁን ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ የኩፍኝ ክትባቱ ደርሷል። በነርሷ መዝገብ ላይ ከአከራይዋ ስም ሥር የአክስቴ ልጅ ስም ተጽፏል። ከጎኗ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ተከራዮችም ተጽፈዋል። አንደኛዋ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።